ጣቷ የቆመበት መስመር

ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታ፣ እጄ ላይ ዱቄት አለ፣ ፊደልም እሳሳታለሁ፣ አምስተኛ ክፍልን እንደምንም ነው የጨረስኩት፣ ግን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚለውን ከየት አመጣችው፣ ከየት፣ አጠገቧ እኮ ነበርኩ፣ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካኝ ነበር፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ አለች፣ ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

አሁንም እየተጫወቱ ነው። እዚህ ታች ሱቃችን ውስጥ ሆኜ እሰማቸዋለሁ፣ የእኛ ጣሪያ የእነሱ ወለል ነው፣ ጠጠሩ ሳንቃው ላይ ሲወድቅ ድው ይልና ይንከባለላል፣ ይሄ ሮጀን ነው፣ ሮጀን ሲወረውር ሁልጊዜ ከጠረጴዛው ያሳልፈዋል፣ ከዚያ በአራት እግሩ እየዳኸ ይፈልገዋል፣ እኔ ነበርኩ ከቁም ሳጥኑ ስር የማወጣለት፣ እጄ ቀጭን ስለሆነ። አሁን ማን ያወጣለታል። ያውጣ ራሱ።

ጀሙና፣ ጫፉን አጥብቂው፣ እንፋሎት ላይ እየተከፈተ ነው፣ ትለኛለች እማ። እሺ እማ። ሞሞ አጥፋለሁ፣ ጎመን የሞላበት የሊጥ ጥቅል ነው፣ ቆንጠጥ፣ ዞር፣ ቆንጠጥ፣ እሷ ጎመኑን ስትከትፍ መጠቅለያው ወረቀት ላይ ሁለት ቃል እጽፋለሁ፣ ቆንጠጥ።

ሞታለች። ማይሊ ሞታለች።

ማይሊ ሰው አይደለችም፣ ማለቴ የጨዋታ ሰው ናት፣ ጋሻ ጃግሬ፣ እኔ ነኝ የሆንኳት፣ ከአምና ክረምት በፊት ጀምሮ በየቅዳሜው። ጨዋታው የአፍ ነው፣ የአክስቴ ልጅ ኡጅዋል ዳይ፣ ዳይ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ታሪኩን ይነግራል፣ ዘንዶ መጣ ይላል፣ በሩ ተዘጋ ይላል፣ እኛ ምን እንደምናደርግ እንናገራለን፣ ይሳካ አይሳካ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር ተወርውሮ ይፈርዳል፣ ከጠጠሩ በላይ ደግሞ መጽሐፉ ይፈርዳል። መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛ አላነብም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የምታነብልኝ ኒርጀላ ናት። ኒርጀላ የኡጅዋል ዳይ እህት ናት፣ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፣ ዲዲ ብዬ ልጠራት ይገባኝ ነበር፣ ታላቅ እህት እንደዚያ ነው የሚጠራው፣ እሷ ግን ገና ትንንሾች ሳለን ዲዲ ካልሽኝ አላናግርሽም አለችኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ አለችኝ፣ ስለዚህ ኒርጀላ ነው የምላት፣ ደረቅ ብዬ፣ እማም ስድ ትለኛለች በዚህ።

እኔ ሰው ፊት አልናገርም። ገበያተኛ ስንት ነው ሲለኝ እንኳ በጣቴ ነው የማሳየው። ማይሊ ግን ትናገራለች። ከኋላዬ ሁኑ ትላለች። እኔ፣ ከእኔ አፍ፣ ከኋላዬ ሁኑ።

የማይሊ ሥራ መሃል መግባት ነው። አጠገቧ ያለ ባልንጀራዋ ሊመታ ሲል ትገባና ምቱን ትወስዳለች፣ ለሌላ ሰው ብላ የወሰደችው ምት የሚጎዳት በግማሽ ነው፣ መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ዋሻ ውስጥ ያገኘናቸው አዛውንት የሰጧት መቀነት ደግሞ አለ፣ በየዙሩ ቁስሏን ትንሽ ትንሽ ይደፍናል። ግማሽ ምት ትወስዳለች፣ መቀነቱ ይደፍነዋል፣ እንደገና ትገባለች። ሁለቱን ያገናኘሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አላሰበውም፣ ሞሞ ሳጥፍ መጣልኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልሞተም። ሮጀን ተነጫነጨ፣ ሮጀን የጎረቤት ልጅ ነው፣ ቀስተኛ ነው የሚሆነው፣ አፉ አያርፍም። ይሄ ጨዋታ ነው ወይስ ሽርሽር፣ ካልሞትን ምን ያስፈራናል፣ እሷን ከፊት አቁመን ከኋላ ቁጭ ብለን ኦቾሎኒ እንብላ። ኡጅዋል ዳይ አልሳቀም። ሚዛኑ ሄዷል አለ፣ ጭራቁን ባጠነክረው ማይሊን በግማሽ የሚያቆስላት ምት እናንተን ይገድላል፣ ባላጠነክረው እሷን አያሳክካትም፣ የሆነ ቦታ ገደብ መኖር አለበት። መጽሐፉ ያልከለከለው ተፈቅዷል ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ አለ ሮጀን። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ጀሙናን አያውቃትም አለ ኡጅዋል ዳይ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ የእውነት።

መልስ ነበረኝ እኮ። ማይሊ መሃል በገባችበት ዙር ራሷ መምታት አትችልም፣ ሰይፏን አትመዝም፣ ዋጋዋ እሱ ነው፣ ስንት ወር ሙሉ አንድ ጭራቅ እንኳ አልገደለችም፣ ሁሉንም የሚገድሉት እነሱ ናቸው፣ ስማቸው የሚነሳው የእነሱ ነው፣ ሚዛኑ እዚያው ውስጥ አለ። ይህን ደረጃው ላይ ለኒርጀላ ነገርኳት። አንቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ አለችኝ፣ ለምን ራስሽ አትነግሪያቸውም። ታውቂኛለሽ አልኳት። አውቅሻለሁ፣ ተዪው፣ እኔ እናገርልሻለሁ፣ የማነበውም እኔ አይደለሁ፣ አትፍሪ ሞኚት። ፀጉሬን ጎተተችኝ።

እኔ እናገርልሻለሁ። እሷ ነች እንዲህ ያለችው።

ንባቡ ሥርዓት አለው። አንድ ጊዜ ኡጅዋል ዳይና ሮጀን እኔ ላሳይህ እኔ ላሳይህ ብለው መጽሐፉን ሲጎታተቱ አንድ ገጽ ተቀደደ፣ ኡጅዋል ዳይ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው፣ ከዚያ ወዲህ ክርክር ሲነሳ የሚያነበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ኒርጀላ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጮክ ብላ፣ ሌላ ሰው መጽሐፉን አይነካም፣ ጣቷ ያለው አለቀ፣ እስከ ታሪኩ መጨረሻ ሕግ ነው። እኔ ብቻ ነኝ አጠገቧ የምቀመጠው። አላነብም፣ ምን አደርጋለሁ። እንደ ድመት ነኝ።

ሳምና። እሷን ረስቼ። ሳምና የኒርጀላ የክፍል ጓደኛ ናት፣ ጫማዋ ነጭ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ በሩ ላይ ቆማ አየችን፣ ለእኔስ ቦታ የለም አለች። ኡጅዋል ዳይ፣ ሦስት ተጫዋች ነው፣ አራተኛ ከገባ ጭራቁን ሁሉ እንደ አዲስ ላሰላው ነው፣ አይሆንም፣ አንድ ሰው ሲሞት ትገቢያለሽ አላት፣ ቀልዱን ነው። ኒርጀላ የሹሩባዋን ጫፍ ነከሰች። እኔ ያየሁት እሱን ብቻ ነው፣ ሹሩባዋን ነከሰች፣ ምን አስቤ ይሆን ያን ጊዜ፣ ምንም። ራባት አልኩ።

ዛሬ ድልድዩ ላይ ነበርን። በታሪኩ ጠዋት ከበሩ ስንወጣ ማይሊ መሃል ገብታ አንድ የፍላጻ ምት ወስዳለች፣ ኒርጀላ ለምትሆናት አስማተኛ ብላ። ከዚያ ድልድዩ ላይ ዘንዶው ከወንዙ ወጣ፣ ኡጅዋል ዳይ በእጁ ጠረጴዛውን ሲመታው ደነገጥን፣ ወደ አስማተኛዋ ዞረ አለ፣ አፉን ከፈተ አለ፣ ኒርጀላ እጄን ያዘችኝ። ማይሊ መሃል ትገባለች አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

በቃ፣ ይነበብ አለ ሮጀን፣ ዛሬ ይለይለት።

ኒርጀላ መጽሐፉን አነሳች። ገጹን ታውቀዋለች፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ጥጉ የተቀደደው ነው። ጣቷን አሳረፈች። ጋሻ ጃግሬ አጠገቡ ያለ ባልንጀራው ሲመታ ምቱን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል፣ አለች፣ ከዚያም፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ።

ኡጅዋል ዳይ መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብቦታል፣ አልጋው ላይ ይዞት ነው የሚተኛው፣ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ጠጠሮቹን አየ። ረስቼው ነበር ማለት ነው አለ። ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ፣ ሚዛኑን አገኘዋ፣ ከየትም ይምጣ አገኘው።

የጠዋቱን ተጠቅማለች፣ ስለዚህ ሁለተኛው አይሠራም። ሮጀን ነው የተከራከረልኝ፣ ሮጀን፣ አፉ የማያርፈው፣ ታዲያ አልገባችም እንበል ዳይ፣ ሳታውቅ ነው እኮ። ኡጅዋል ዳይ መለሰለት፣ እገባለሁ ብላለች፣ የተባለ ተብሏል፣ መሃል ላይ ቆማለች፣ ግማሹ የለም፣ ሙሉ ምት ነው። ወረወረ። አላየሁትም ቁጥሩን፣ የሮጀንን ፊት ነው ያየሁት፣ ገባኝ።

ለእሷ ብዬ እኮ ነው የገባሁት። ለእሷ። እጄን ይዛው ነበር፣ ስታነብ ነው የለቀቀችኝ፣ ጣቷን ስለፈለገችው።

ሰውዋ የሞተባት ከጠረጴዛው ትነሳለች፣ ታሪኩ እስኪያልቅ አትመለስም፣ ታሪኩ ደግሞ ገና ግማሹ ነው፣ የሚቀጥለው ዓመትም አይበቃው። ተነሳሁ። ምንጣፉ ላይ የተቀመጥኩበት ገና ሳይቀዘቅዝ ኒርጀላ፣ ዳይ፣ እንግዲህ ቦታ ተገኘ፣ ቅዳሜ ሳምና ትምጣ በቃ? እንዲህ አለች። ደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁ። ሦስተኛ ሰው ያስፈልገናል አለ ኡጅዋል ዳይ። ድልድዩ ላይ እንኳ አልቀበሩኝም፣ አለፉ።

ቆንጠጥ፣ ዞር።

አሁን መጣች። ሞሞ ልትወስድ ወረደች፣ ሳህን ይዛ፣ እማን ሰላም አለቻት፣ እኔ አጠገብ መጥታ ቆመች፣ ወረቀቱን በዱቄቱ ከረጢት ከለልኩት። ተቆጣሽ እንዴ ጀሙና፣ ጨዋታ እኮ ነው። ሞሞውን ሳህኑ ላይ ደረደርኩ። የአቻሩን ማባያ በደንብ አድርጊበት፣ ሮጀን ካላቃጠለው አይጠግብም። እሺ ዲዲ፣ አልኩ።

ምን አልሽኝ።

ዲዲ አልኩሽ፣ በዕድሜ ትበልጪኛለሽ አይደል።

ሳህኑ እጇ ላይ ዘመመ። እማ ከጎመኑ ቀና አለች፣ ተመስገን፣ ዛሬ ገና ወግ ገባት ልጄ፣ አለች፣ ደስ ብሏት። ኒርጀላ ቆማ አየችኝ፣ ያልሽውን መልሺው የሚል ዓይነት አስተያየት፣ አልመለስኩትም። አቻሩን አደረግሁላት። ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች፣ ሌላ ጊዜ ሁለት ሁለት እየዘለለች ነው የምትወጣው።

እንግዲህ እጽፈዋለሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም፣ ለእማም፣ ለማይሊ እንኳ።

ጣቷ ሲሄድ ዓይኔ አብሮት ሲሄድ ከርሟል። መጀመሪያ የለየሁት ጋሻ የሚለውን ነው፣ መልኩን፣ ሁልጊዜ እሱ ላይ ስትደርስ ድምጿ ከፍ ይል ስለነበረ፣ ከዚያ ምት፣ ከዚያ ባልንጀራ፣ ከዚያ በየዱቄት ከረጢቱ ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ፣ አምና ክረምቱ ሳይወጣ ከአፏ ቀድሜ እደርስ ጀመር። እጠብቃታለሁ መስመሩ መጨረሻ ላይ። ዛሬም ደርሼ ጠበቅኋት። ባልንጀራው ሲመታ ምቱን ወደ ራሱ ማዞር ይችላል፣ ነጥብ። ከነጥቡ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው ያለው። ጣቷ ነጥቡ ላይ ቆመ፣ አፏ ግን ቀጠለ።

እንዲህ አይልም ማለት እችል ነበር። ሮጀን መጽሐፉን ይነጥቃታል፣ ኡጅዋል ዳይ ያፍራል፣ ማይሊ በግማሽ ቁስል ድልድዩን ትሻገራለች፣ ቅዳሜ ቦታዬ ላይ እቀመጣለሁ። አፌን ከፍቼም ነበር። ከዚያ ግን ማን ያነብልኛል፣ የምታነብ ልጅ ማንም አጠገቧ አይጠጋላትም፣ መጽሐፉን ይሰጧታል፣ በቃ፣ አንብቢ ይሏታል፣ ትከሻ የላትም፣ ነይ ጠጋ በይ ሞኚት የሚላት የላትም።

ማንበብ እችላለሁ። ከአምና ክረምት ጀምሮ እችላለሁ። ያልተናገርኩት እንድታነብልኝ ነው።