የስልኩ ባለቤት

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሊቋረጥ ሲል አንድ ጎርናና የወንድ ድምፅ አነሳው። የደወለችው ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። በዓይን ሆስፒታሉ የመረጃ ክፍል ባልደረቦቿ ድምፅዋ ዝግ ያለ ስለሆነ «ሹክሹክታ» ነው የሚሏት፤ ስልክ መደወል ሞቷ ነው።

ጠዋት የዓመቱን መረጃ ስታጠናቅር አንድ ነገር አልዋጥልሽ ብሏት ነበር። የሞራ ግርዶሽ ይዟቸው አንድ ዓይናቸው ከተሠራላቸው ወንዶች አብዛኞቹ ለሁለተኛው ተመልሰዋል። ከሴቶቹ ግን ግማሾቹ እንኳ አልመጡም። ምክንያት በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ «ፈቃደኛ አይደለችም» ተብሎ ተሞልቷል። ኃላፊዋ ሐኪም ሴቶች ቀዶ ሕክምና ይፈራሉ ብለው፣ ፈቃደኛ ያልሆኑትን ዛሬ ከሰዓት ከወረፋው አስወጥተው ቦታውን ለአዲሶች ሊሰጡ ነው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ወረፋው ማለቂያ የለውም።

እሷ ግን «የስልኩ ባለቤት» የሚለውን ዓምድ ከፈተች። ባል። ልጅ። ልጅ። የእህት ልጅ። ባል። ከዚያ ነው ስልኩን ያነሳችው።

«እናቴማ ተዉኝ ብላለች» አለ ሰውየው። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ለምሳ ቤት ገብቶ ነው ያገኘችው። «አንዱ ይበቃታል። በዚህ ዕድሜዋ ምን ልታይበት ነው?»

«እሳቸውን ላነጋግራቸው?»

ወዲያ ማዶ ሲንኳኳ የነበረው የልብስ ስፌት መኪና ዝም አለ።

«አቤት፣ የኔ ልጅ» አሉ እናትየው ስልኩን ተቀብለው።

ሁለተኛውን ዓይን አላሠራም ብለው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ማን ጠየቀኝና ነው እንቢ የምለው? በአንድ ዓይን እኮ ክሩ ከመርፌው ጎን ጎን ነው የሚያልፍብኝ። ክሩን እንዲያስገቡልኝ ለጎረቤት ልጆች ስሰጥ ስሰጥ እነሱም ሰለቹኝ።»

«አንቺ አይደለሽ የፈራሽው፣ እማዬ?» አለ ልጃቸው ከጎን።

«መፍራትማ ፈርቻለሁ። የመጀመሪያውንስ ፈርቼ አይደል የገባሁት?»

ልጅየው እናቱን ለማምጣት አንድ ቀን ሥራ መፍታት እንዳለበት፣ መኪናውም የሰው እንደሆነ ሲያጉተመትም ይሰማል። እናቱ አላስጨረሱትም። ለመምጣት አውቶቡስ ሞልቷል፤ ቀኑ ብቻ ለእሳቸው ይነገራቸው። ሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እንዳይረሱት ቀኑን ደጋግመው ጠሩት።

ስልኩን ስትዘጋ ሐኪሟ በር ላይ ቆመዋል። «ስብሰባው ደርሷል። የሚወጡትን ስም ይዘሽ ነይ።»

«የሚወጣ የለም፣ ዶክተር። ገና አልጠየቅናቸውም።»

«በየቤቱ ተደውሎላቸዋል እኮ።»

«የተደወለው ለባሎቻቸውና ለልጆቻቸው ነው።»

ሐኪሟ ጠጋ ብለው ዓምዱን ቁልቁል አነበቡት። «ለሁሉም ልትደውዪላቸው ነው?» አሉ በመጨረሻ። «ስብሰባ ላይ ምን ልበላቸው?»

እሷ ግን ቀጣዩን ቁጥር መትታ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። አንድ ሽማግሌ አነሱት። ሚስታቸው እንደማትፈልግ፣ ጉዳዩን ለእሳቸው መንገር እንደሚቻል በትሕትና አስረዷት።

«ግድ የለም፣ አባባ፣ ባለቤትዎ ራሳቸው ይንገሩኝ» አለች። «እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»