አደራ የጫነች ሳይክል

ወልዱ ከመንገድ የሚመለስ ሰው ነው። ዲላ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ ወልዱ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነውና በየግቢው ይገባል፣ እሱ ሲወጣ ደግሞ በየግቢው ይወራለታል። ሐዋሳ ሊማር ሄዶ በመንፈቁ ተመልሷል። አዲስ አበባ አጎቱ ዘንድ ሥራ ሊፈልግ ሄዶ፣ አጎቱ ከሥራ ሳይገባ እሱ ወደ መናኸሪያ ተመልሷል። አንድ ጊዜ ደግሞ ይርጋጨፌ ሽማግሌ ልኮ፣ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ሲመጡ ሐሳቡን ቀይሮ ጠብቋቸዋል። በሠላሳ አራት ዓመቱ ሳይመለስ እስከ መጨረሻው የሄደበት መንገድ ቢኖር ከቤቱ እስከ ቢሮው ያለው ነው፤ እሱም ቁልቁለት ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን በሻይ ሰዓት «የዓመት ፈቃዴን ወስጄ በሳይክል ሞያሌ ልሄድ ነው» ሲል፣ አብሮት የሚሠራው ጆሲ ሻዩን መጠጣቱን አላቋረጠም።

«ሂድ» አለው። «ወንበርህን ለሰው አንሰጥም። ማክሰኞ ትመጣለህ።»

«የምነሳው እኮ ሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ጆሲ።

ወልዱ ማታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና «ከዚህ ከተመለስኩ ከእንግዲህ የትም አልሄድም» ብሎ ድምፁን አውጥቶ ለራሱ ተናገረ። የሰማው ሰው ስለሌለ የሳቀበትም አልነበረም። እሱ ግን ሰምቷል፤ ያ ደግሞ ከጆሲ ሳቅ ይልቅ አስጨነቀው።

የቀረው ሳይክል ማግኘት ነበር። በስልኩ ሲያይ ያመሸው፣ ከፊትና ከኋላ ቦርሳ ጭነው አገር ለአገር የሚዞሩ ፈረንጆችን ነው። የአንዷን ሳይክል ዋጋ ሲያይ የሻጩ ስልክ ቁጥር መስሎት ሊደውል ምንም አልቀረው። ዋጋ መሆኑ ሲገባው ስልኩን አስቀምጦ አሰበ። ዲላ ውስጥ አንድ ሙሉ የረጅም መንገድ ሳይክል የለም፤ ተበታትና ግን አለች። የት የት እንደተበተነች ደግሞ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ቆጣሪ የሚያነብ ሰው በየሰው ጓሮ የሚዝገውን ሁሉ ያያል።

መጀመሪያ የሄደው ጡረታ የወጡ የግብርና ሠራተኛ ወደሆኑት ወደ ጋሽ በፍቃዱ ነው። ጋሽ በፍቃዱ በወጣትነታቸው ቀበሌ ለቀበሌ የዞሩባት ጥቁር ሳይክል ከቆጣሪው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች። ጎማዋም ማርሿም የለም፤ ብረቷ ግን የድሮ ብረት ነው።

«ጋሽ በፍቃዱ፣ ይቺን ይሸጡልኛል?»

«ምን ልታደርጋት?»

«ሞያሌ ልሄድባት።»

ጋሽ በፍቃዱ ሳይክሏን አዩ፤ ወልዱንም አዩ። ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደሚሰበር የሚገምቱ ይመስሉ ነበር።

«ውሰዳት» አሉ።

«ዋጋዋን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ወግድ! እኔ ካንተ ብር ልቀበል? እንዲያው በሬኮ ከተማ የምታልፍ ከሆነ ልጄ እዚያ ናት። አንዲት ዕቃ ታደርስልኛለህ።»

«ምን ችግር አለው» አለ ወልዱ። እውነትም ምን ችግር እንዳለው አልታየውም።

ቸርኬና ማርሽ የተገኘው ከዘከርያ ሱቅ ነው። ዘከርያ ገበያው ዳር የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከወልዱ ጋር አንድ ክፍል ተምረዋል። ሱቁ ጥግ፣ ባጃጅ የወጣባት የተራራ ሳይክል ከነማርሿ ተጋድማለች። የፊቷ ብረት ተጨማዷል፤ ሁለቱ ቸርኬዎች ግን በደንብ ይዞራሉ።

«ዘኪ፣ በስንት ትተውልኛለህ?»

«ስማ፣ ሞያሌ ትደርሳለህ ብዬ አይደለም፤ ገደብ ግን ትደርሳለህ። እህቴ ረህማ ገደብ ከተማ ጁስ ቤት ከፍታለች። አንድ ነገር ትሰጥልኛለህ፣ አለቀ።»

«ትልቅ ነው?»

«አንተ ደግሞ! ዕቃ ነው።»

የተራራዋ ሳይክል የኋላ ቸርኬ ሰፊ ስለነበር በጋሽ በፍቃዱ ብረት ውስጥ አልገባ አለ። መናኸሪያው አጠገብ ብረት የሚበይደው አብዲሳ የመኪና ክሪክ መሐል ከትቶ፣ ብረቱን ቀስ እያለ ከፈተውና አስገባው። ወልዱ በዚያው የኋላ ዕቃ መጫኛ እንዲሠራለት ጠየቀው።

«ቀጭን ይሁን» አለ። «ድንኳንና ልብስ ብቻ ነው የምጭነው።»

አብዲሳ የታወቀው እሸት ቡና በጆንያ ለሚያመላልሱ ሞተሮች መጫኛ በመሥራት ነው። ለወልዱም ከቤት መሥሪያ ፌሮ ቆርጦ ያንኑ ሠራለት።

«አብዲሳ፣ ይቺ እኮ ኩንታል ትችላለች!»

«ሁለት ትችላለች። ቀጭን ብረት የሰው ዕቃ አይችልም።»

«የሰው ዕቃ አልጭንም እኮ።»

አብዲሳ የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ አየውና ከልቡ ሳቀ። ገንዘብ አልተቀበለውም። ወልዱ በሚያልፍባት በወርቃ ከተማ ወንድም አለው።

ቦርሳዎቹን የሰፋችለት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት። ቡና መጋዘን የሚሠራ ዘመዷ ለጆንያ ገበር የሚሆን ወፍራም ላስቲክ ሰጥቷት ነበርና፣ ዝናብ የማያስገቡ ሁለት ቦርሳዎች ወጡት። እሷም ይርጋጨፌ እናት አላት። ወልዱ እሷን ስለ ዋጋ አልጠየቃትም። ቀጥታ «ለእናትሽ የምትልኪው ነገር ካለ» አለ፤ መልመዱ ነው።

ሳይክሏ ስታልቅ ከባድ ነበረች፤ አስቀያሚም ነበረች፤ ግን ትሄዳለች። ወልዱ ክብደት ለመቀነስ የጥርስ ብሩሹን እጀታ በመጋዝ ቆረጠ። ሁለት ካልሲ ይበዛል ብሎ አንዱን አስቀረ። እሑድ ማታ ሁሉን ጭኖ ሲያነሳት በአንድ እጁ ከመሬት ለቀቀችለት፤ ደስ ብሎት ተኛ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ለእናቷ ለዘር የሚሆን ቀይ አውራ ዶሮ በቅርጫት ይዛ መጣች። ጋሽ በፍቃዱ የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ በመስታወት አስገጥመው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው መጡ፤ ከነፍሬሙ የሕፃን አልጋ ያክላል። ዘከርያ የጁስ መፍጫ ከነካርቶኑ ይዞ መጣ። አብዲሳ ለወንድሙ ሱቅ የሠራውን የመስኮት ብረት ተሸክሞ መጣና ሥራውን ለማሳመር ራሱ መጫኛው ላይ አስሮ፣ ገፋ ገፋ አድርጎ ፈተሸው።

«አየህ?» አለ። «ንቅንቅ አትልም።»

ያን ጊዜ ወልዱ ገባው። በነጻ የተሰጠው አንድም ነገር አልነበረም። ሳይክሏ ገና ሳትገጠም ተከራይታለች። እንቢ ማለት ይችል እንደሆነ አሰበ፤ በጋሽ በፍቃዱ ብረት ላይ ተቀምጦ የጋሽ በፍቃዱን ፎቶ አልይዝም የሚል አፍ ግን ከየት ይመጣል? ድንኳኑን አውርዶ ቤት ውስጥ አስቀመጠ። ሌላው ካልሲም ሊወርድ ነበር፤ እግሩ ላይ ስለነበር ቀረ።

ከዲላ እስከ ወናጎ የሄደው እየነዳ ነው። ከወናጎ በኋላ ዳገቱን ሲገፋ፣ ዶሮው አንገቱን ከቅርጫቱ አውጥቶ በየመንደሩ ይጮህ ነበር። ሰው ሁሉ ከእንሰቱ ውስጥ ብቅ እያለ ያያል። አንዱ «ዶሮው ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሌላው ደግሞ የመስኮቱን ብረት። ወልዱ የሚሸጥ እንዳልሆነ አንገቱን ደፍቶ ያስረዳል።

ይርጋጨፌ የእትዬ ማንጠግቦሽ እናት ዶሮውን ገልብጠው መረመሩና «ደንግጧል» አሉ። ወልዱንም አዩና «አንተም ደንግጠሃል፣ ግባና ብላ» አሉት። ቆጮና ጎመን በላ። ሊወጣ ሲል «ቅርጫቱን ስትመለስ ትወስደዋለህ» አሉት።

ሬኮ ሲደርስ የጋሽ በፍቃዱ ልጅ ፎቶዋን ባየች ጊዜ አለቀሰች። ከዚያ ምስማር አመጣች። ወልዱ ወንበር ላይ ቆሞ «ወደ ግራ፣ አይ ወደ ቀኝ» እየተባለ ፍሬሙን ይዞ ቆየ፤ መሸበትና እዚያው አደረ። ጠዋት ስትሸኘው «ስትመለስ ለአባባ የምልከው አለ» አለችው።

ወርቃ ላይ የመስኮቱ ብረት ከመስኮቱ በአንድ ጣት ሰፋ። የአብዲሳ ወንድም ብረቱን በዚህም በዚያም አዙሮ ሞከረውና ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

«ምንም አይደል፣ ስትመለስ ትወስድለታለህ።»

«ማን ነው እመለሳለሁ ያለው?» አለ ወልዱ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው።

ሰውየው በገርነት አየው። «ታዲያ ቤትህ ዲላ አይደለም እንዴ?»

ገደብ ሲገባ ማክሰኞ ከሰዓት ነበር፤ ዝናቡም አብሮት ገባ። ቦርሳዎቹ ውሃ አላስገቡም፤ እሱን ግን ቦርሳ ውስጥ የሰፋው የለም። ፍሬኑ ከወርቃ ቁልቁለት ጀምሮ እንደ ሰው ያቃስታል። ዋናው መንገድ ዳር አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ዲላ! ዲላ! የሞላ ዲላ!» ይላል። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ነው።

ወልዱ ቆሞ ሰማው። ከሁለት ቀን ወዲህ የሰማው በጣም ደግ ድምፅ ነበር።

«ሳይክል ትጭናላችሁ?» አለው ረዳቱን።

«ለምን አንጭንም? ጣራው ባዶ ነው።»

ወልዱ ማክሰኞ መሆኑን ያውቃል። ጆሲ ምን እንደሚል ያውቃል። በተዘጋ በር ውስጥ ለራሱ ያለውንም አልረሳውም፤ ግን የረጠበ ሰው ለራሱ ከሰጠው ቃል ጋር ይደራደራል። ገደብ ድረስ መምጣትም ቀላል አይደለም አለ በሆዱ። ወደፊት በሌላ ፈቃድ፣ በበጋ፣ ጉልበት ሲጠነክር።

«ይቺን ዕቃ እዚያ ማዶ ሰጥቼ መጣሁ» አለው ረዳቱን።

የረህማ ጁስ ቤት ከመንገዱ ማዶ ነበር። ረህማ መፍጫውን ከካርቶኑ አውጥታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ከዚያ ሶኬቱ ላይ ሰካችው፤ መብራት አልነበረም።

«ይምጣ እንጂ የመጀመሪያውን አቮካዶ ላንተ ነው የምፈጨው። ዘከርያ ያመነው ሰው ወንድሜ ነው። ወደ ዲላ ነህ አይደል? ቆይ፣ አውቶቡሱ አይሄድም፣ ውሸቱን ነው።»

ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ጆንያ እየጎተተች ተመለሰች። እስከ አፉ አቮካዶ ሞልቷል። ከኋላው ሌላ ጆንያ ይታያል።

«ይሄ ለዘከርያ ነው። ያኛው ለእናቴ። ከመናኸሪያ በሳይክሏ ታደርስልኛለህ፤ መጫኛዋ መቼም አንደኛ ነው።»

ወልዱ ጆንያውን አየ። ይርጋጨፌ ያለውን ቅርጫት፣ ወርቃ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ብረት አሰበ። እንቢ ማለት አልቻለም፤ እንቢ ለማለት የሚያስፈልገው አጥንት ከልጅነቱ አልበቀለለትም። መዋሸት ግን ችሎ ተገኘ።

«ወደ ዲላ አይደለሁም» አለ። «ወደ ሞያሌ ነኝ።»

ረህማ ጆንያውን ለቀቀችው።

«ሞያሌ? ወላሂ?»

«አዎ» አለ ወልዱ። ውሸቱ ጥሩ እየሄደ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ! ሙሐሲን እኮ ሞያሌ ነው፤ ባለቤቴ! ሁለት መነጽሮቹን እዚህ ረስቶ ሄዶ ዓይኑ ሊጠፋ ነው። አንዱን በሹፌር ብልከው ተቀመጡበት። ይሄ የቀረው ነው።»

ወልዱ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ሙሐሲን! መነጽርህ ሰው አገኘ!... አዎ፣ የሚመጣ ሰው፣ የዘከርያ ጓደኛ... በሳይክል... በሳይክል ነው ያልኩህ!... አይ፣ ጤነኛ ነው።» ወደ ወልዱ ዘወር ብላ አየችው። «ይመስለኛል።»

ስልኩን ሰጠችው። ከወዲያ በኩል የደከመ ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ። ሰው እያስነበብኩ ነው የምነግደው። ባለፈው ስኳር ነው ብሎ አንብቦልኝ ሲሚንቶ አወረድኩ። ሰው ሲሚንቶ በሻይ አይጠጣም።»

«አይጠጣም» አለ ወልዱ።

«በርግጥ ትመጣለህ? አደራ፣ እንዲያው ለደስታ ብለህ እንዳትነግረኝ።»

ወልዱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ረዳቱ ከማዶ እጁን እያውለበለበ ይጠራዋል። ዝናቡ በሳይክሏ መቀመጫ ላይ ይወርዳል። «ተውኩት» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው፤ ያቺን ቃል ግን ለጆሲም፣ ለሽማግሌዎቹም፣ ለራሱም ብሏት ያውቃል። ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ማየት ለማይችል ሰው፣ ሊላት ሞከረና አልወጣችም።

«እመጣለሁ» አለ። «ሳምንት አይሞላኝም።»

ረዳቱ ትዕግሥቱ አልቆ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ወንድም፣ ሳይክሏን ልጫናት?»

«ሞያሌ ነው የሚሄደው» አለች ረህማ፣ ወልዱ ሳይቀድማት።

ረዳቱ ሳይክሏን አየ፤ ከወልዱ ሱሪ የሚንጠባጠበውን ውሃም አየ። «እግዜር ይርዳህ» አለና ሮጦ አውቶቡሱ ላይ ተንጠለጠለ።

መብራቱ ማታ መጣ። ወልዱ አቮካዶውን ጠጥቶ፣ እጀታ በሌለው ብሩሽ ጥርሱን ቦርሾ እዚያው ተኛ።

ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። መነጽሩ በማስቀመጫው ሆኖ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለት ኩንታል በሚችለው መጫኛ ላይ ምንም አልነበረም፤ ሳይክሏ ከገደብ ስትወጣ እንደዚህ ቀልላ የምትሄድ መሆኗን ወልዱ ያኔ ገና አወቀ። በቡሌ ሆራ አቅጣጫ የመጀመሪያውን ዳገት ከሳይክሏ ወርዶ እየገፋት ሲወጣ፣ ከብት የሚነዱ ሁለት ሰዎች አገኘ። አያውቁትም፤ እሱም አያውቃቸውም።

«ወዴት ነው?» አለ አንደኛው።

«ሞያሌ።»

«በዚህ?»

«በዚህ።»

«ምን ልትሠራ?»

«መነጽር ላደርስ» አለ ወልዱ።

ሰዎቹ ተያዩ። በቂ ምክንያት ሆኖ ሳያገኙት አልቀሩም፤ ከብቶቹን ከመንገዱ ዳር ሰብሰብ አድርገው አሳለፉት።