እታለም ያሰለፈቻቸው አሥራ ሁለት ድምፆች

ታላቅ እህቴ ፒያኖ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጓደኛችን ድራም፣ እኔ ደግሞ ቁመቴን የሚያህለውን ባስ ይዘን ጃዝ መጫወት ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖን ነበር። እህቴ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ታስተምራለች፤ እኔ ሊፍት እጠግናለሁ። የምንለማመደው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሐኪሙ ክሊኒክ ሲዘጋ፣ ታካሚዎች ተራ በሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፍተን፣ ስለ ድድ በሽታ ከሚያስጠነቅቀው ፖስተር ሥር እንሰየማለን።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ወረቀት ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ኖታ ብቻ ነው።

«ዜማው ይኼ ነው?» አልኳት።

«ሰልፉ ነው» አለችኝ። «ነጩም ጥቁሩም ቢቆጠር ፒያኖ ያለው አሥራ ሁለት ድምፅ ነው፤ ከዚያ በላይ ያው ራሱ ነው የሚደገመው። እዚህ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተሰልፈዋል። አሥራ ሁለቱም ሳይዳረሱ አንዱም ተመልሶ አይመጣም።»

«የምናርፍበት ድምፅስ? እንደ ቤት የምንመለስበት?»

«የለም። ሁሉም እኩል ነው።»

ዶክተሩ የድራም ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሳቀ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ተራ ሲከበር ልናይ ነው!» አለ።

ተጫወተችልን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጆሮዬ እምቢ አለ፤ አንድ ሰው የማላውቀውን ስልክ ቁጥር የሚነግረኝ መሰለኝ። ቀጥላ ሰልፉን ከኋላ ወደ ፊት አዞረችው። ከዚያ ደግሞ የሚወጣውን አወረደችው፣ የሚወርደውን አወጣችው። በግራ እጇ የለመድነውን የጃዝ ምት ስትጨምርበት የዶክተሩ ጭንቅላት ሳያስበው መወዝወዝ ጀመረ። እኔም ባሱን መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይህን ሁሉ ያወጣችው እህቴ መሆኗን ሳስብ ገረመኝ።

ችግሩ የመጣው የኔ ሶሎ ላይ ነው። ጃዝ ውስጥ ሶሎ ማለት የመጣልህን መጫወት ነው፤ ሰልፍ እየቆጠሩ ደግሞ የመጣልህን መጫወት የለም። ሥራ ቦታ፣ ሊፍቱ አናት ላይ ቁጢጥ ብዬ ሳይቀር በአፌ እያዜምኩ እሞክር ነበር። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ይጠፋብኛል።

«እታለም፣ በዚህ ዕድሜዬ አታሰቃዪኝ፤ ሶሎው ይቅርብኝ» ብዬ ለመንኳት።

«ትጫወተዋለህ» አለች።

ለሰው ያቀረብንበት ዝግጅት አንድ እሑድ ከሰዓት በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ንባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አርባ ያህል ሰው መጥቷል። አጀማመራችን አማረ። የኔ ተራ ሲደርስ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሄድኩ፤ ሰባተኛውን መታሁና ስምንተኛው ድርግም አለ። ጣቴ ክሩ ላይ ቀረ። ዶክተሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የናስ ሲምባሉን በቀስታ መምታቱን ቀጠለ።

የቀረውን ሶሎ ከኔ ተቀብላ የምትጨርሰው መስሎኝ እህቴን አየኋት። እሷ ግን ከፒያኖው ጫፍ፣ ከቀጭኖቹ ድምፆች፣ አምስት ብቻ መርጣ ጣል ጣል አደረገችና እጇን ሰበሰበች። «እንደ ልብህ ሂድ» አለችኝ በሹክሹክታ።

እንደ ልቤ ሄድኩ። አጭር ነገር ተጫውቼ ሳቆም ሰባት ድምፅ መለሰችልኝ። ሌላ ሞከርኩ፤ ስድስት መለሰች። በሦስተኛው ገባኝ፤ የምትጫወተው እኔ የተውኳቸውን ብቻ ነበር! የነካሁትን አትነካም፤ የዘለልኩትን ግን አንድ ሳታስቀር ትለቅማለች፤ አሥራ ሁለቱ ሞልተው ሲያልቁ ዶክተሩ ትልቁን ከበሮ ዱም ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ፍርሃት የሚባል አልነበረብኝም። ሰው አጨብጭቦ ሲነሳ እኔ ገና እሷን እያየሁ ነበር።

የድምፅ ማጉያውን ገመድ ስንጠቀልል ያዝኳት። «በዚያ ፍጥነት እንዴት ቆጠርሽው?»

«መች ቆጠርኩት? አሥራ አንድ ዓመት አብሬህ ተጫውቼ የምትሸሻቸውን ድምፆች ላላውቅ ነው?»

«እኔ እሸሻለሁ?»

«አምስት ድምፅ አለ፤ አጠገባቸው አትደርስም።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ በስልኩ የቀዳውን ከፍቼ፣ እርሳስ ይዤ አዳመጥኩ። እንዳለችው ነው፤ አምስት ናቸው። ከሥራ መልስ በየቀኑ በነሱ ብቻ መለማመድ ጀመርኩ።

ያን እሑድ የሆነው ነገር አሁን የሶሎ ደንባችን ሆኗል። ተራው የደረሰው እንደ ልቡ ይሄዳል፤ ሌላው የጎደለውን ይሞላል። የኔን እሷ ስትሞላ ቀላል ይመስላል። የሷን መሙላት ግን ሥራ ነው፤ ወራት ሙሉ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ሲያመልጠኝ ከረመ።

ባለፈው ቅዳሜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ሳይቀረኝ ሞላሁላት። ዶክተሩ መምታቱን ትቶ ጮኸ። እህቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ «እሰይ የኔ ወንድም!» አለችና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፤ ባሱ በመካከላችን እንደቆመ።