ሐይቁ የበላው ፊት

መምህር አሰግድ አፍንጫ ሊሠራ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ወረደ። ነገሩ ያስቃል፤ እሱ ግን ከአሰላ እስከ ኦጎልቾ በጭነት መኪና ላይ፣ በገብስ ጆንያ መሃል ተቀምጦ ሲንገጫገጭ አንድ ጊዜም አልሳቀም። መሮና መዶሻው በሸራ ቦርሳ ውስጥ ጭኑ ላይ ነበሩ። ሰኞ ወደ ደብረ ብርሃን በዝውውር ይሄዳል፤ ከዚያ በፊት ከእማማ ዙቤዳ ጋር መታረቅ አለበት።

ታንኳ ቀዛፊው ከሊፋ የእማማ ዙቤዳ አንድያ ልጅ ነበር። በእረፍት ቀን አሰግድንና ተማሪዎቹን ወደ ደሴቶቹ ያሻግር ነበርና ሁለቱ ወዳጅ ሆኑ። በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ማዕበል ታንኳውን ገለበጠው፤ ሐይቁም ሬሳውን አልመለሰም። አሰግድ የስዕል አስተማሪ ነው። ወዳጁ መቃብር እንኳ ማጣቱ ቢያንገበግበው፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት እንዲሉ፣ ክረምቱን ሙሉ ነጭ ድንጋይ ሲጠርብ ከርሞ የከሊፋን ምስል እስከ ደረቱ አወጣና ውሃው ዳር አቆመው። ድንጋዩ ለስላሳ ነው፤ መሮ ሲነካው እንደ ሳሙና ይላጣል። ለመሮ የተመቸ ለነፋስም ይመቻል ብሎ የነገረው አልነበረም፤ ቢነግሩትስ መች ይሰማል!

ሐውልቱ በቆመ ቀን እማማ ዙቤዳ መጡ። አዩት፤ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡና «ገለቶሚ» ብለው አመስግነው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወደ ድንጋዩ ዝር እንዳላሉ ሰማ። ለገበያ አሰላ ሲወጡ አሰግድን ካዩም መንገድ ይቀይራሉ። እሱም አምስት ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ሲያውጠነጥን የደረሰበት አንድ ነገር ነው፤ አፍንጫው አልመሰለም። አዎ፣ ትንሽ ሰፍቶበታል። እናት ደግሞ የልጇን አፍንጫ አትስትም። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባው ሐይቁ ዳር ሄዶ ሲመለስ «የሐውልትህ አፍንጫ የለም» ቢለው፣ እሰየው፣ እንደ አዲስ አሳምሬ እሠራዋለሁ ብሎ ተነሳ። ጎበዝ፣ ሰው የራሱን ጥፋት ሲመረምር እንዴት ከእውነቱ አጠገብ አልፎ እንደሚሄድ እዩልኝ!

ሐይቁ ዳር የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ነፋሱ አሸዋ እያነሳ እግሩን ይገርፈዋል። ድንጋዩን ከሩቅ አየውና ክው ብሎ ቆመ። አፍንጫ ብቻ መስሎት ነበር፤ ፊት የሚባል ነገር የለም። ዓይኑንም፣ አፉንም፣ ጆሮውንም ማዕበሉ ከታች፣ ነፋሱ ከላይ ሲልሱት ከርመው ጨርሰውታል። የቀረው አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደረገ ሰው የሚመስል ነጭ ድንጋይ ነው። ከሊፋ ሁለተኛ የሞተ መሰለው።

ከድንጋዩ ሥር እማማ ዙቤዳ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። አሰግድ ዓይኑን ማመን አቃተው። እስኪጨርሱ ጠብቆ ቀረብ አለ።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። መሣሪያዬን ይዤ መጥቻለሁ። ፊቱን እንደገና አወጣዋለሁ፤ አሁን አፍንጫውንም አስተካክላለሁ።»

እማማ ብድግ አሉና በእሱና በድንጋዩ መሃል ቆሙ።

«ወላሂ አትነካውም!»

«ምነው እማማ?»

«አንተ መምህር፣ እኛ ዘንድ ፊት ያለው ምስል አጠገብ ዱዓ አይደረግም። አንተ በፍቅር ለፍተህ ሠራኸው፤ እንዴት ብዬ ሀራም ነው ልበልህ? አፈርኩ። ልጄ ደግሞ ሌላ መቃብር የለው። አራት ዓመት ቤቴን ዘግቼ አለቀስኩ። አምና ፊቱ ጠፋ ሲሉኝ ነው መምጣት የጀመርኩት። ነፋሱንም ውሃውንም አላህ ላከልኝ።»

ቦርሳው ከአሰግድ ትከሻ ወርዶ አሸዋው ላይ ወደቀ። እናትን ከልጇ ለይቶ ያቆመው እሱ ራሱ ኖሯል፤ ያውም ውለታ የዋለ መስሎት። «ምነው ቢነግሩኝ» ሊል አፉን ከፈተና፣ እሱስ መች እንደጠየቃቸው ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። አፈረ፤ ከልቡ አዘነ።

«ኮቱ፣ ና ቁጭ በል» አሉት፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ።

«አንድ ነገር ላስቸግርህ። ፎቶ የለኝም። የልጄ መልክ ከዓይኔ እየጠፋብኝ ነው፤ በሕልሜ እንኳ አይመጣም። አንተ ያን ክረምት መልኩን ስታስብ ነው የከረምከው። በድንጋይ አይሁን፤ በአፍህ ንገረኝ።»

አሰግድ ዓይኑን ጨፈነ።

«እሺ እማማ... ግንባሩ ሰፊ ነበር። በግራ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ጠባሳ ነበረችው...»

«ምን ግራ ትላለህ!» እማማ ቀና አሉ። «በቀኙ ነው! ወይፈን ረግጦት በዚህ እጄ ነው ደሙን የያዝኩለት! ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ላለማልቀስ ከንፈሩን እንዲህ አድርጎ...»

ከንፈራቸውን ነክሰው አሳዩት። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። እማማ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱና ወደ እሱ ዞሩ።

«በል ቀጥል» አሉት፤ «ሌላም ተሳሳትልኝ።»