የኤልሚ ሻል

ጅጅጋ ከብት ተራ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሻጭና ገዢ እጃቸውን ሻል ስር ከተው በጣት ይከራከራሉ። ጣት ይያዛል፣ ጣት ይለቀቃል፣ ፊት ግን ምንም አይናገርም። ዳር የቆመ ሰው ማን በስንት እንደሸጠ አያውቅም። የቸገረው ሰው ችግሩ ከሻሉ አይወጣም።

መልአክ ይህን እያየ ነው ያደገው። አባቱ እዚሁ ከተማ ሱቅ ነበራቸው፤ ሶማልኛውም ከአማርኛው አይተናነስም። አሁን እዚሁ ጅጅጋ ሆኖ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ስለ ቴክኖሎጂና ንግድ ይጽፋል። በ2008ቱ ድርቅ፣ የከብት ዋጋ በሞባይል ቢነገር ምን እንደሚጠቅም ሊጽፍ አሰበና ደላላ ጓደኛውን ዐብዲኑርን ለመነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ሻሉ ስር ላግባ።»

ዐብዲኑር ሽማግሌውን ኤልሚን አስፈቀደለት። ኤልሚ ከደገሀቡር በኩል ሦስት ግመል እየነዱ የመጡ አርብቶ አደር ናቸው። አንዷን ቶሎ ሸጠው ለሁለቱ መኖ መግዛት ነበረባቸው።

«የዐብዲኑር ወዳጅ ልጄ ነው» አሉና የመልአክን እጅ ሻሉ ስር በእጃቸው ላይ አስቀመጡት። ገዢው ጣታቸውን ሲይዝ መልአክ ደነገጠ። ዋጋው የወትሮውን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ኤልሚ ፊታቸው ሳይለወጥ ተቀበሉ።

ጽሑፉ ግሩም ነበር፤ ጣጣውም ከዚያ መጣ። ዋጋ በስልክ ቢታወቅ ኖሮ እኚህ ሽማግሌ አይጎዱም ነበር ብሎ የሸጡበትን ቁጥር አሰፈረ። ስም አልጠቀሰም፤ ጠንቃቃ ነዋ! «ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ቀይ ግመል» ብቻ አለ። ከብት ተራ ግን ሰውን ከስሙ ይልቅ በግመሉ ነው የሚያውቀው። ይህን እንኳን የጅጅጋ ልጅ፣ እንግዳም አይስተውም። አንዱ ጽሑፉን ወደ ሶማልኛ መልሶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

መጀመሪያ አለቃው ደወለና «እንዲህ ነው ጋዜጠኛ!» አለው። ቀጥሎ የደወለው ዐብዲኑር ነው።

«መኖው አልቆባቸው ኤልሚ ሁለተኛዋን ሊሸጡ ይዘው ቆመዋል። ገዢው ሁሉ መቸገራቸውን አውቋል። ያችን ዋጋ እንኳን የሚሰጥ ጠፋ። ምን አደረግኸን አንተ?»

መልአክ አፍሮ፣ ፈርቶ፣ እየሮጠ ሄደ።

ሲደርስ አንድ ነጋዴ ኤልሚ ፊት ቆሟል። ኤልሚ ሻላቸውን ዘረጉ። ነጋዴው እጁን ከኪሱ አላወጣም፤ ዋጋውን ጮክ ብሎ ተናገረ። ከፊተኛዋም ያንሳል። ዙሪያው ሁሉ ሰማ፤ አንዱ ሳቀ።

«ኧረ ነውር ነው! ሻሉ ስር አድርገው!» አለ መልአክ።

«አንተ አይደለህ እንዴ የገለጥከው?» አለ ነጋዴው፣ ከልቡ ገርሞት።

መልአክ ወደ ሽማግሌው ዞረና በሶማልኛ አጎቴ ብሎ ጠራቸው። «አዴር ኤልሚ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጠቅምዎት ብዬ ነው።»

ኤልሚ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ሻላቸውን አጣጥፈው ክንዱ ላይ አኖሩለት።

«ያዘው ልጄ፤ ከእንግዲህ ምን ይሸፍንልኛል» አሉና ባዶ እጃቸውን ሰው ሁሉ እያየ ለነጋዴው ዘረጉ።

ግመሏ ተነዳች። ኤልሚ ሦስተኛዋን እየሳቡ በደገሀቡር መንገድ ወጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ትከሻቸው ላይ ምንም የለም። መልአክ ሻሉን ይዞ ሊከተላቸው ፈለገ፤ ተጠግቶ ምን እንደሚላቸው ግን አላወቀም።