እናት የምትጠብቀው ድምፅ

«ይቺ አልቃሻ መቼ ነው ዞር የምትልልን?» አለች ጎረቤቴ፣ በሲኒማ ቤቱ ጨለማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «ልጄ እንድትገባ።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቃሻዋ ራሷ ልጇ ነበረች፤ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶታል። ሳቄን ያስዋጠኝ ድምፁ ነው። የልጅቷ አልነበረም። ጎረቤቴ ደግሞ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጇን የምታውቃት በድምፅዋ ነው።

ልጅቷ እጄ ላይ ነው ያደገችው። በልጅነቷ የግቢውን ሰው ሁሉ እያስመሰለች ታስቀን ነበር፤ የእኔን አነጣጠስማ ከእኔ በላይ ትችልበት ነበር። ልብስ ሰፊዋ እናቷ መርፌ ማየት ሲያቅታት፣ ትምህርቷን ትታ መናኸሪያ ገባች፣ ተሳፋሪ ልትጠራ። ድምፅዋ እዚያ ሻክሮ ቀረ። ቤቱ ግን የሚበላው በዚያው ድምፅ ነበር።

አንድ ቀን አውቶቡስ ሊሳፈር የመጣ ዳይሬክተር አይቷት ወሰዳት። በመጀመሪያው ፊልሟ ሬሳ ሆነች። ግቢው በሙሉ ሄደን አየናት፤ ጎበዝ ሬሳ ነበረች፣ አንዴ ብቻ ነው ዓይኗን ያርገበገበችው። ቀጥሎ ትሪ ይዛ ገብታ ወጣች። ንግግር የሰጧት ገና አሁን ነው። እናቷም እንግዲህ እኔም ልጄን ላያት ነው ብላ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ መጣች።

ከእናቷ ወዲያ የተቀመጠችውን ልጅ አሻግሬ ሳያት አፏን ከፍታ ቀርታለች። ለካ ለእሷም አልነገሯትም። ከኋላችን የተቀመጠው ዳይሬክተር ጎንበስ ብሎ፣ ሻካራ ድምፅ ለፍቅር ፊልም አይሄድም ስላሉት ሌላ ሴት እንዳስገባበት፣ ፊቷ ግን ድንቅ እንደሆነ ነገራት። ምን ይባላል? ፊልሙን አቁሙት አይባል።

ልጅቷ ወደ እናቷ ጆሮ ተጠግታ፣ ንግግሯን በራሷ ድምፅ ከስክሪኑ እኩል ማለት ጀመረች። ወዲያው ከፊትም ከኋላም ዝም በይ አሏት። አንዱማ፣ እኛ የከፈልነው ስክሪኑን ልንሰማ ነው አለ።

«እማ» አለች በመጨረሻ፣ «የምታለቅሰው እኔ ነኝ። ድምፄን አውጥተው የሌላ ሴት ከተውበት ነው።»

እናት ጥቂት አዳመጠች። ያ ለስላሳ ድምፅ አሁንም ያለቅሳል።

«እንግዲያውስ» አለች፣ «የእሷን እናት እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ።»