አዲሱ ከርነል የማያውቃቸው ዲስኮች

የኔትወርኩ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ሻሚል ብቻውን ፈገግ አለ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም። እህቱ ነጅዋ ከወዲያኛው ክፍል ጠራችው።

«ሻሚ! ኔትወርኩ መጥቷል፤ ማህደሩ ግን ባዶ ነው የሚለኝ።»

«ባዶ?»

«ባዶ። አንድም ነገር የለበትም። ምን አድርገህ ነው?»

«ቆይ፣ ገና አልጨረስኩም» አለ። ውሸቱን ነው፤ ጨርሷል።

አማን ከተማ፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ባለው ቤታቸው ጓዳ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ያ አሮጌ ኮምፒውተር የነጅዋ እንጀራ ነው። ነጅዋ የሠርግ ቪዲዮ ትቀርፃለች፤ እሱም የሴቶቹን ድንኳን ብቻ። ሙስሊሞቹ ቤተሰቦች ሲድሩ የሴቶቹ ድንኳን ለብቻው ይተከላል። በር ላይ ስልክ በዘንቢል ይሰበሰባል፣ ከውስጥ ሂጃብ ይወልቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደልብ ይጨፈራል። ካሜራ ይዞ መግባት የተፈቀደላት ነጅዋ ብቻ ናት። ከእሷ የተሻለ የሚቀርፅ ጠፍቶ አይደለም፤ ቃሏን ስላመኑ ነው። «ቀረፃው ከቤቴ አይወጣም፣ የወንድ ዓይንም አያርፍበትም» ብላቸዋለች። ኢንተርኔት ላይ አታስቀምጠውም፤ ለስቱዲዮም አትሰጠውም። ባለቤቶቹ በፍላሽ ቀድተው ይወስዳሉ፣ ዋናው እዚያች የኮምፒውተር ሳጥን ውስጥ ይቀራል።

ሳጥኗን የገጣጠመው ሻሚል ነው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ሁለት ዲስክ ገጠመባት። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ፋይል እንዳይበላሽ ብሎም ዜድኤፍኤስ የሚባለውን ፋይል ሲስተም መረጠላት። አቧራዋን ይጠርጋል፣ ስትሞቅ ያናፍሳታል። የፋይሎቹን ስም ያውቃል። ፊቶቹን አያውቅም፤ አንድም ቀን ከፍቶ አላየም።

ችግሩ የመጣው ከመብረቅ ነው። በዝናቡ ሰሞን የወደቀ መብረቅ የሳጥኗን ኔትወርክ ካርድ አቃጠለው፤ የነጅዋ ላፕቶፕም ከሳጥኗ ጋር ተቆራረጠ። ሻሚል ከጅማ በዩኤስቢ የሚሰካ አዲስ ካርድ አስመጣ። ሲሰካው የድሮው ከርነል አላውቀውም አለ። ከርነል የሲስተሙ አስኳል ነው፤ የተሰካ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚነጋገረው ከእሱ ጋር ነው። ስለዚህ ሻሚል አስኳሉን ሊቀይር ተነሣ። ያን ቀን ጠዋት መብራትም የስልኩ ኢንተርኔትም አንድ ላይ ነበሩ። አማን ላይ ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ሁሉ ይቻኮላል፤ ያላወረደውን ያወርዳል፣ ያልሞላውን ቻርጅ ያደርጋል። ሻሚልም ቸኮለ። ሲስተሙ ቦታ ጠበበኝ ሲለው የድሮውን ከርነል አጠፋ። አዲሱን ሲጭን ብዙ መስመር በስክሪኑ ላይ ተግተልትሎ አለፈ። ከመካከላቸው አንዱ «የዜድኤፍኤሱ ሞጁል ከዚህ ከርነል ጋር አይሠራም» የሚል ነበር። ሞጁሉ ከርነሉ ዲስኮቹን እንዲያነብ የሚያደርገው ቁራጭ ፕሮግራም ነው። ያነበበው አሁን ነው፣ ወደኋላ ተመልሶ ሲፈልግ።

አዲሱ ከርነል ካርዱን ያውቃል፤ ዲስኮቹን አያውቅም። የድሮው ዲስኮቹን ያውቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ የለም።

ነጅዋ መጋረጃውን ገልጣ ብቅ አለች። «ሀጂራ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ትመጣለች። ልጇን ባህሪያን ዛሬ ቴፒ፣ ባሏ ቤት ነው የሚወስዷት። የባሏ እናት ወገቧን ተሰብራ ሠርጉን እንዳላየች ታውቃለህ አይደል? ሴትዮዋ አልጋዋ ላይ ሆና ቀረፃውን ነው የምትጠብቀው።»

«አውቃለሁ።»

«ይደርሳል?»

«ይደርሳል» አለ፣ ወደ ሳጥኗ ዞሮ።

ነጅዋ ለሽኝቱ የምታግዘው ነገር ስለነበረ ወደ ጎረቤት ሄደች። ሻሚል ሳጥኗን አጠፋ፣ አበራ። አሁንም ያው ነው። ተነሣ፣ ተቀመጠ። ከኋላ በር ወጥቶ ደመናውን አየና ተመለሰ። ከዚያ ሳጥኗን ነቀለ፣ በአንሶላ ጠቀለለ፣ ባጃጅ አስቁሞ ወደ ሚዛን ወረደ።

ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ሳጥኗን ወደ ደረቱ ያስጠጋል። መሐል መንገድ ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ከጅምሩ ነጅዋ ራሷ ጓዳ ገብታ ቪዲዮውን ከሳጥኗ በቀጥታ ወደ ፍላሽ መቅዳት ትችል ነበር። ኔትወርክ አያስፈልግም ነበር። ከርነልም መቀየር አያስፈልግም ነበር። «ምነው?» አለው ባለባጃጁ፤ ሳያውቀው ጮክ ብሎ ተናግሮ ኖሯል።

ቲቶ መናኸሪያው አጠገብ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል። ሻሚል ሲደርስ ሱቁ በወንዶች ተሞልቶ ነበር። ቲቶ የአንድ ደንበኛ ስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቶ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ይገለብጣል። የተቀመጡት ሻያቸውን እየጠጡ ስክሪኑን ያያሉ።

«አንዴ መልሳት። ይቺ የማናት?» አለ አንዱ።

«የባለስልኩ እህት መሰለችኝ።»

«ጎሽ፣ እህት ማለት እንዲህ ናት!»

ሳቁ። ሻሚል አንድ እግሩ ደፉ ላይ፣ አንድ እግሩ ውጭ እንዳለ ቀረ።

«ኧረ አቦ ሻሚል!» አለ ቲቶ። «ምንድን ነው እንደ አራስ ልጅ ያቀፍከው?»

ሻሚል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ቲቶ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና በመደበኛ ድምፁ መለሰ፣ ማለትም ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ።

«ቀላል ነው! አምጣው፣ ዲስኮቹን ከእኔ ማሽን ጋር ልሰካቸው። ወይ ደግሞ ለአዲሱ ከርነል የሙከራ ሞጁል ወጥቷል፤ እሱን እንጫንበት።»

«የሙከራ ማለት?»

«ማለትማ ወይ ይከፍተዋል…» ቲቶ ትከሻውን ሰበቀ።

«አይ። እሱ ይቅር። መሰካቱም ይቅር። ይሄ ዕቃ ከቤት አይወጣም።»

«ወጥቶ የለም እንዴ?»

ወንዶቹ እንደገና ሳቁ። የሻሚል ጆሮዎች ጋሉ። ዞር ሲል ከመንገዱ ማዶ የሀጂራ እህት ሳሊሀ ከጨርቅ ሱቋ በር ላይ ቆማ ታየዋለች። ታቅፎ የያዘውን አየች። የቲቶን ሱቅ በር አየች። ስልኳን አነሣች።

ሻሚል ባጃጁ ጋ ሊደርስ ሲል ቲቶ ተከትሎት ወጣ። አሁን ቀልዱ ጠፍቷል።

«የነጅዋ ናት ሳጥኗ?»

ሻሚል በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«መጀመሪያ አትናገርም? እዚያ ሁሉ ሰው መሐል ታስለፈልፈኛለህ!» ከኪሱ አንድ ፍላሽ አወጣ። «የድሮው ሲስተም መጫኛ ነው፣ ከነከርነሉ። ማሽኑን ከዚህ አስነሣው፤ ምንም አትጫን፣ አስነሣው ብቻ። እሱ ዲስኮችህን ያውቃቸዋል። ስትከፍታቸው ለማንበብ ብቻ ብለህ ክፈት፣ እንዳይጻፍባቸው። ገባህ?»

«አዲሱ አበላሽቷቸው ከሆነስ?»

«መክፈት ያቃተውን በምን ያበላሸዋል? ሂድ አሁን። ዝናቡ ሳይመጣ።»

ዝናቡ ግን ቀድሞት አማን ገባ። ሻሚል አንሶላውን በጃኬቱ ሸፍኖ ሲደርስ ደጃፉ ላይ የማያውቃቸው ጫማዎች አሉ። ሀጂራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ልጇ ባህሪያ ሂና የተቀባ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአጠገቧ አለች። ነጅዋ ቆማለች። ዓይኗ በእጁ በያዘው ላይ ነው።

«ሳሊሀ ደወለችልኝ» አለች ሀጂራ። «የልጄ ቀረፃ መናኸሪያ፣ ወንዶች መሐል ነው አለችኝ። እህትህ ደግሞ ጓዳ ነው ትለኛለች። አብረን ገባን፤ መደርደሪያው ባዶ ነው። ከሁለቱ ማንን ልመን?»

ሻሚል ላስጠርጋት ወስጄ ነው ሊል ነበር። አፉ ድረስ መጥቶለት ነበር። ነጅዋን አየና ዋጠው።

«ሳሊሀ ያየችው እውነት ነው፣ አክስቴ። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ነጅዋ አታውቅም። ሲስተሙን ስቀይር ዲስኮቹ አልከፈት አሉኝ፣ ደነገጥኩና ተሸክሜ ሄድኩ። በሩ ድረስ ነው የሄድኩት። አልሰካሁትም። አንሶላውም አልተፈታም፣ ወላሂ።»

«ከቤት አወጣኸው?» አለች ነጅዋ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር።

«አወጣሁት። አፉ በይኝ።»

«አሁንስ? ቀረፃው አለ ወይስ የለም?» አለች ሀጂራ።

«አለ ብዬ አስባለሁ።»

«አስባለሁ ይላል! እዚያች ሳጥን ውስጥ እኔም አለሁ፣ እህቶቼም አሉ፣ የዚህ አገር ሴት ግማሿ አለች። አስባለሁ አይሠራም።»

«እንግዲያው ከእኔ ጋር ይግቡ» አለ ሻሚል። ከየት እንደመጣለት አያውቅም። «አጠገቤ ይቀመጡና እጄን ይዩ። ጽሑፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሥዕል ከመጣ ያቁሙኝ።»

ሀጂራ ጓዳ ገብታ በርጩማ ስባ ከትከሻው ኋላ ተቀመጠች። ሻሚል ሳጥኗን ወደ ቦታዋ መልሶ ስክሪኑን አገናኘ፤ ፍላሹን ሰካና አስነሣት። ጥቁሩ ስክሪን በነጭ ፊደል ተሞላ።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«እየተነሣ ነው፣ አክስቴ።»

«አንዲት ሴት ብቅ ትበልና ጆሮህን ነው የምነቅለው።»

«እሺ።»

ዲስኮቹን ፈለገ። ሁለቱም ታዩ፤ ጉዳት እንደሌለባቸውም ተጽፏል። ሊከፍታቸው ሲል ግን ሲስተሙ እምቢ አለ። ሌላ ሲስተም ሲጠቀምባቸው ስለነበር ዝም ብዬ አልከፍትም፣ የግድ ካልክ በትእዛዝህ አስገድደኝ ይላል። ማስገደድ የሚለው ቃል አስፈራው። እጁን ከኪቦርዱ አነሣ፣ ሱሪው ላይ ጠረገ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ አምፖሉ አንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። አሁን መብራት ቢጠፋስ? የሚያስገድደው ማንን ነው? ያው ራሷ ሳጥኗ ናት፣ ትናንት የነበረችው። ሌላው ሲስተም የተባለው የራሱ የድሮው ሲስተም ነው። ለማንበብ ብቻ የሚለውን ቃል መጀመሪያ ጻፈ። ከዚያ ማስገደጃውን ጨመረ። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፊደል በፊደል አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ሀጂራ።

ተጫነው።

ዲስኮቹ ማጉረምረም ጀመሩ። ከዚያ ስሞች በስክሪኑ ላይ ወረዱ፣ አንዱ ከሌላው ሥር፣ ያለፉት ዓመታት ሙሽሮች ሁሉ። ከመጨረሻዎቹ መሐል ባህሪያ የሚል ነበር። ሻሚል ጣቱን ከሥሩ አደረገ። «ይኸው። አለ።»

«በምን አወቅህ?»

«ስሙ አለ። መጠኑም ትክክል ነው።»

«ስምማ መቃብርም ላይ አለ። አስጀምረው።»

«እኔ አላስጀምረውም» አለ ሻሚል። ተነሣ። ከስክሪኑ ራቅ አለ። «ነጁ፣ ነይ። ማህደሩን በማውስ ብቻ ክፈቺው፤ የባህሪያን ፍላሽ ከጎን ሰክተሽ ቅጂላት። ሌላ ምንም አትንኪ።»

ነጅዋ ስታልፍ አላየችውም። ባህሪያም ተከትላት ገባች። መጋረጃው ከኋላቸው ወደቀ።

ሻሚል በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ። ምንም አይሰማም። ስሙ ኖሮ ውስጡ ባዶ ቢሆንስ? ቪዲዮው መሐል ላይ ቢቆምስ? ሊጠራቸው አሰበና ተወው። ጫማውን አደረገ፣ አወለቀ። ድንገት ከበሮ ተሰማ። ቀጥሎ እልልታ፣ ቀጥሎም የብዙ ሴቶች ዘፈን ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ መጣ። «ውይ፣ እኔ ነኝ ይቺ? እንዲህ ነው እንዴ የዘለልኩት?» ትላለች ሀጂራ፤ ባህሪያ ትስቃለች። ሻሚል ቆሞ ሰማ። ከዚያ መስማቱም እንደ ማየት መሰለውና ዝናብ ውስጥ ወጥቶ እስከ አጥሩ ድረስ ሄደ።

ሲጠሩት ልብሱ በሰውነቱ ላይ ተጣብቆ ነበር። ሀጂራ ፍላሹን በመሐረብ ቋጥራ ጡቷ ሥር ከትታው በር ላይ ቆማለች።

«ለቴፒዎቹ ይበቃል» አለች። «አንተ ግን ጥፋተኛ ነህ።»

«ነኝ፣ አክስቴ።»

«ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ከዛሬ በኋላ አንዲት ሴት ለእህትህ ድንኳን ባልከፈተችላት።» ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል። «ሳሊሀ? አዎ፣ አግኝተነዋል። ስሚኝ፣ ለስንት ሰው ነው የነገርሽው? እንግዲያው ለእነዚያ ሁሉ ደውዪ። ሳጥኑ እንደተጠቀለለ ሄዶ እንደተጠቀለለ ተመለሰ በያቸው። ልጁም ራሱ አልከፈተውም፤ ዓይኔ እያየ ነው የወጣው። አዎ፣ አሁን።»

እናትና ልጅ ጃንጥላ ተጋርተው ወጡ። ነጅዋ የጓዳውን በር ቆለፈች፣ የቆለፈችበትን ቁልፍ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ሻሚል ገባው፤ የራሱን የጓዳ ቁልፍ ከማንጠልጠያው አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው።

«የድሮውን ከርነል መመለስ አለብኝ» አለ። «እንዲህ ሊቀመጥ አይችልም።»

«ትመልሰዋለህ። እኔ አጠገብህ ተቀምጬ፣ የምታደርገውን ሁሉ በአማርኛ እየነገርከኝ።»

«እሺ።»

«ጠረንህ ራሱ የእርጥብ ውሻ ነው» አለች፣ አሁንም ሳትስቅ። «ልብስህን ቀይር።»